ስድስት ጥያቄዎች፣ ሦስት ቀለሞች፦ የኮሎምቢያ መጠይቅ በአንዲት ነርስ ግምገማ

ራሱን ሊያጠፋ የሚችል ሕመምተኛን ለመለየት በአሜሪካ ሆስፒታሎች በስፋት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ በአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠራው የኮሎምቢያ መጠይቅ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስለምሠራ፣ ሕመምተኛ ተኝቶ ለመታከም ሲገባ፣ በየሺፍቱ፣ እንዲሁም ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲል የምጠይቀው በዚሁ መጠይቅ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው በሁለት በኩል ላሉ አንባቢዎች ነው፤ በአንድ በኩል መጠይቁን በእጃቸው ይዘው ለሚሠሩ ወይም ሊሠሩበት ለተዘጋጁ ባልደረቦቼ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የታመመ ዘመዳቸውን ይዘው ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ነርሷ ለምን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በግልጽ እንደምትጠይቅ ግር ለሚላቸው ቤተሰቦች። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፤ መጠይቁ ጎበዝ ጠያቂ መሆኑን እመሰክርለታለሁ፣ ትንቢቱን ግን አልቀበልም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣውም ሆስፒታሎች የሁለተኛውን ሥራ ስለሚጭኑበት ነው።

መጠይቁን ያዘጋጁት ኬሊ ፖስነር እና በኮሎምቢያ፣ በፔንሲልቬንያና በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ መነሻው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የተረፉ ታዳጊዎችን ስለ ማከም የተካሄደ ጥናት ነበር። አስተማማኝነቱን የሚመዝነው ዋናው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሲሆን የሦስት ጥናቶችን ውጤት ይዟል፤ ሁለቱ በታዳጊዎች፣ አንዱ ደግሞ ለአእምሮ ችግር ወደ ድንገተኛ ክፍል በመጡ አዋቂዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ዋጋው ለሆስፒታልም ሆነ ለጤና ጣቢያ ነጻ ነው፤ ከ100 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ ሥልጠናውም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለመጠየቅ የሥነ አእምሮ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ መምህርም ሆነ ፖሊስ ሊጠቀምበት ይችላል። የሆስፒታሎች ዕውቅና ሰጪ የሆነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለሕክምና የመጣ ሰው ሁሉ በጥናት በተረጋገጠ መጠይቅ እንዲጠየቅ ማስገደዱ፣ ይህን መጠይቅ ብቻ ተጠቀሙ ባይልም፣ ለስርጭቱ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል።

አጭሩ ቅጂ ስድስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። የመጀመሪያው ሰውየው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሞትን ወይም ተኝቶ አለመንቃትን ተመኝቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከምኞት አልፎ ራሱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደሆነ፣ ሦስተኛው እንዴት እንደሚያደርገው አስቦ እንደሆነ፣ አራተኛው ሐሳቡን ለመፈጸም ፍላጎቱ ይኖረው እንደሆነ፣ አምስተኛው ደግሞ ዝርዝሩን አውጥቶ ለመፈጸም ቆርጦ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የሁለተኛው መልስ «የለም» ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ያሉት ይዘለሉና በቀጥታ ወደ ስድስተኛው ይታለፋል። ስድስተኛው ስለ ሐሳብ ሳይሆን ስለ ድርጊት ነው፤ ሰውየው በዕድሜው ሁሉ፣ በተለይም ባለፉት ሦስት ወራት፣ ሕይወቱን ለማጥፋት ያደረገው፣ የጀመረው ወይም የተዘጋጀበት ነገር እንዳለ ይጠየቃል። ከዚያ የአደጋውን ደረጃ የሚያሳይ ቀለም ይሰጠዋል። አንደኛው ወይም ሁለተኛው፣ ወይም ሁለቱ ብቻ «አዎ» ከሆኑ ቢጫ፣ ሦስተኛው «አዎ» ከሆነ ወይም ድርጊቱ ከሦስት ወር በፊት ከነበረ ብርቱካናማ፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው «አዎ» ከሆነ ወይም ድርጊቱ በሦስት ወር ውስጥ ከሆነ ቀይ ነው።

ከስድስቱ ሁሉ የማደንቀው የመጨረሻውን ነው። ከዚህ መጠይቅ በፊት በብዙ ቻርቶች ላይ «ከዚህ ቀደም ሞክሯል ወይ?» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነበር፤ ሕመምተኛው ሐኪም ቤት እስካልደረሰ ድረስ ደግሞ «አልሞከርኩም» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። የኮሎምቢያው መጠይቅ ግን ድርጊትን በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፤ ሙከራው ተደርጎ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ደርሶ አስቁሞት እንደሆነ፣ ሰውየው ራሱ ጀምሮ ሐሳቡን ቀይሮ እንደሆነ፣ ወይም እስከ ዝግጅት ብቻ ደርሶ እንደሆነ ለይቶ ያስጠይቃል። ጀምሮ የተወ ሰው ብዙውን ጊዜ ያንን ቀን ለማንም አልተናገረም። «ምን አስቆመህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ፣ የልጁ ድምፅም ይሁን የእናቱ ፎቶግራፍ፣ ለሕክምናው ከማንኛውም ቀለም የበለጠ ይጠቅማል። በረዥሙ ቅጂ ውስጥ ሐሳቡ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሰውየው ሊቆጣጠረው ይችል እንደሆነና ከድርጊት የሚያግደው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ክፍልም አለ፤ በሥራ ብዛት የሚዘለለው ይህ ክፍል መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሌላው ጥቅሙ ነርሷን ከፍርሃቷ ማላቀቁ ነው። አዲስ የተቀጠሩ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ከሌላ ክፍል ተዛውረው የመጡት፣ «ብጠይቀው ያላሰበውን ሐሳብ በጭንቅላቱ ውስጥ አስቀምጥበታለሁ» ብለው ይሰጋሉ፤ ቤተሰብም እንዲሁ ይሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና 13 ጥናቶችን የመረመረ አንድ ግምገማ፣ ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በጉልህ እንደጨመረ ያሳየ አንድም ጥናት አላገኘም። ይህን በክፍል ውስጥ መማር አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄው ቃል በቃል ተጽፎ ከፊት ሲቀመጥ ግን ነርሷ «እንደው ምናልባት መጥፎ ነገር አስበህ ይሆን?» እያለች ከመጨናነቅ ትድናለች። የተድበሰበሰ ጥያቄ የተድበሰበሰ መልስ ያመጣልና።

አሁን ወደ ደካማ ጎኑ ልሻገር፤ እዚህ ላይ ከእኛ ሕመምተኞች ጋር ያለኝን ልምድ ማንሳት ይኖርብኛል። የሚከተለው ንግግር የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከአገራችን እናቶች ጋር ደጋግሞ ከሚያጋጥመኝ ነገር ያቀናጀሁት ነው።

«እማማ፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ምነው በሞትኩ ብለው ተመኝተው ያውቃሉ?»

«እሱስ መች ጠፍቶኝ፣ ልጄ! እግዜር ረስቶኝ ነው እንጂ፤ እንደተኛሁ በቀረሁ።»

«ራስዎን ስለ ማጥፋትስ አስበው ያውቃሉ?»

«በስመ አብ በይ! እኔ የማርያም ልጅ፣ ነፍሴን በገዛ እጄ?»

በፎርሙ መሠረት የመጀመሪያው መልስ «አዎ»፣ የሁለተኛው «የለም» ነው፤ ኮምፒውተሩም ሦስት ጥያቄዎችን ዘሎ ስድስተኛው ላይ ያደርሰኛል፤ እሱም «የለም» ከተባለ ቢጫ ወጥቶ ጉዳዩ ይዘጋል። ነገር ግን እማማ የመለሱልኝ አስበው እንደሆነ ሳይሆን ማሰብ ኃጢአት መሆኑን ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም ሲባል እየሰሙ ያደጉ እናት ለማያውቋት ነርስ፣ ያውም መጋረጃ ብቻ በሚለየው ክፍል ውስጥ፣ ሌላ መልስ ይሰጣሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ ፎርሙን ጎን አድርጌ፣ «እንዲህ ያለው ሐሳብ ሰይጣን ሹክ ሲልዎትስ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

«ሲመጣብኝማ አማትባለሁ። ጠበሌን እጠጣለሁ።»

«ሲመጣብኝ» ካሉ ሐሳቡ ይመጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ቀላል ነው፤ መቼ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን አድርጊ እንደሚላቸው፣ አንድ ቀን ተሸንፈውለት ያውቁ እንደሆነ እያልኩ፣ የተዘለሉትን ጥያቄዎች ሁሉ በሌላ በር ገብቼ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ጊዜ በቢጫ ሊታለፍ የነበረው ሰው እውነተኛ ቀለሙ ቀይ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። አዘጋጆቹ ጠያቂው በራሱ አነጋገር ማብራሪያ እንዲጠይቅና ከቤተሰብ ወይም ከሌላ ባለሙያ የተገኘውን መረጃም እንዲጠቀም የፈቀዱ ስለሆነ፣ ይህን ማድረግ ከመጠይቁ ሕግ መውጣት አይደለም። ችግሩ በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ፎርም ይህን ፈቃድ የማያሳይ መሆኑ ነው፤ «አዎ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ክቦችን እንጂ።

አምስተኛው ጥያቄም ያስቸግረኛል፤ ዕቅድ መኖሩንና ለመፈጸም መቁረጥን በአንድነት ስለሚጠይቅ፣ ዕቅዱ ኖሮት ለመፈጸም ያልቆረጠ ሰው መልሱ «አዎም የለምም» ይሆናል። እኔ ሁለቱን ለያይቼ እጠይቃለሁ፤ በማስታወሻው ላይም ለያይቼ እጽፋለሁ።

የአስተርጓሚ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ልጅ ለእናቷ እንድታስተረጉም ማድረግ በየትኛውም ምርመራ የማይመከር ሲሆን፣ በዚህ ጉዳይ ግን ጨርሶ መደረግ የለበትም፤ እናት ልጇ በሰማችበት «ሞት አምሮኛል» አትልም፣ ልጅም ብትሰማ አለስልሳ ታስተላልፋለች። የአሜሪካ ሕግ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ፣ ቤተሰብ «እኔ አለሁ፣ እኔ እነግርሻለሁ» ቢልም ነርሷ በትሕትና እንቢ ማለት አለባት። በስክሪን የሚቀርቡ ባለሙያ አስተርጓሚዎች እንኳ አንዳንዴ ከአክብሮት የተነሣ «ራስዎን ስለ ማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» የሚለውን «ተስፋ ቆርጠው ያውቃሉ?» ወደሚለው ሲለውጡት ሰምቻለሁ። እኔ አማርኛውን ስለምሰማ አርማለሁ፤ በሌላ ቋንቋ ግን ማረም ስለማልችል፣ ከመጀመራችን በፊት አስተርጓሚውን «ጥያቄዎቹ ከበድ ይላሉ፤ እባክዎ ሳያለሰልሱ እንዳሉ ያቅርቧቸው» ብዬ አሳስባለሁ።

ወደ ቀለሞቹ ስመጣ ትዕግሥቴ ያልቃል። ቀለም መስጠት ማለት በተዘዋዋሪ «ይህ ሰው ራሱን የማጥፋት ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ማለት ነው፤ ሳይንሱ ግን እንዲህ ያለውን ትንበያ አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በ50 ዓመታት ውስጥ የተካሄዱ 365 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ የታወቁት የአደጋ ምልክቶች ራስን ማጥፋትን የመተንበይ አቅማቸው ሳንቲም ከመወርወር ብዙም እንደማይሻል አሳይቷል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ የሆነው ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ራስን ማጥፋትን ለመተንበይ የነጥብ መጠይቆችን አትጠቀሙ፣ ሰውንም ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ አደጋ እያላችሁ አትመድቡ፣ ሕክምና ማን ያግኝ ማን ይከልከል የሚለውንም በዚህ ምደባ አትወስኑ ብሏል። በዚያው አገር በአእምሮ ሕክምና ላይ እያሉ ራሳቸውን ስላጠፉ ሰዎች ለዓመታት የተሰበሰበው መረጃም አብዛኞቹ በመጨረሻው ግንኙነታቸው ጊዜ የቅርብ አደጋቸው ዝቅተኛ ተብሎ ተመዝግቦ እንደነበር ያሳያል። ምክንያቱ ለማስተዋል አይከብድም፤ ራስን ማጥፋት በእያንዳንዱ ሰው ላይ በቁጥር ሲታይ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው፣ ሐሳቡም በሰዓታት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጠዋት የተሰጠ ቀለም ማታ ስለሚሆነው ብዙ አይናገርም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ክርክር አይደለም። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ፎርሙ ካልተሞላ ኮምፒውተሩ ወደሚቀጥለው ገጽ ስለማያሳልፍ፣ ሥራ የበዛባቸው ነርሶች ያለፈውን ሺፍት መልስ ዓይተው ያንኑ ይደግሙ ነበር። በወሩ መጨረሻ «መቶ በመቶ ተጠይቋል» የሚል ሪፖርት ይወጣል፤ ሕመምተኞቹን ብትጠይቁ ግን አንዳንዶቹ ማንም እንዳልጠየቃቸው ይነግሯችኋል። ቢጫ የወጣለት ሰው ደግሞ «ቢጫ ነው» ተብሎ ብቻ ለሚቀጥለው ሺፍት ይተላለፋል፤ ለምን ቢጫ እንደሆነ፣ ምን እንደተናገረ፣ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር አይነገርም። በሺፍት ርክክብ ላይ ቀለሙን ሳይሆን የሰውየውን የራሱን ቃል እንዲያስተላልፉ ለማሠለጥናቸው ነርሶች አጥብቄ እነግራለሁ።

መጠይቁ ሥራው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው የነርስ ሥራ የሚጀምረው። ቀይ ከሆነ አንድ ሠራተኛ ከጎኑ ሳይለይ ይመደብለታል፣ ክፍሉም ለጉዳት ሊውል ከሚችል ነገር ሁሉ ይጸዳል፤ በአእምሮ ሕክምና ክፍላችን ሌሎቹም ሕመምተኞች ቢያንስ በየ15 ደቂቃው ይታያሉ። ይህን ክትትል እንደ ዘብ ቁሞ የሚያደርግ አለ፤ እየተጨዋወተ፣ ካርታ እየተጫወተ የሚያደርግም አለ። የመጀመሪያው ሕመምተኛውን እስረኛ እንደሆነ ያሳስበዋል። ሁለተኛው ራሱ ሕክምና ነው።

ከመጠይቁ ጋር አብሮ መሄድ ያለበት፣ በእኔ ግምት ከእሱም የሚበልጠው፣ ባርባራ ስታንሊ እና ግሪጎሪ ብራውን እ.ኤ.አ. በ2008 ያዘጋጁት የደህንነት ዕቅድ ነው። ከሕመምተኛው ጋር አብሮ የሚሞላ አንድ ወረቀት ሲሆን፣ ሐሳቡ ሊመጣ ሲል የሚታዩ ምልክቶች፣ ሰውየው ብቻውን ሆኖ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች፣ ሐሳቡን የሚያስረሱ ሰዎችና ቦታዎች፣ ለእርዳታ የሚጠሩ ዘመድ ወዳጆች፣ የሚደወልላቸው ባለሙያዎች፣ በመጨረሻም ቤቱን ከአደገኛ ነገሮች የማጽዳት ጉዳይ በቅደም ተከተል ይጻፉበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች 1,640 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ዕቅዱ ተሞልቶላቸው በስልክ ክትትል የተደረገላቸው ሕመምተኞች በስድስት ወር ውስጥ የታየባቸው ራስን የማጥፋት ድርጊት በተለመደው መንገድ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸር በ45 በመቶ ገደማ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። ቀደም ሲል ሕመምተኛውን «ራሴን አላጠፋም» ብሎ ማስፈረም የተለመደ ነበር፤ ያ ፊርማ ሕመምተኛውን ስለመጠበቁ ማስረጃ የለውም፣ ሠራተኛውን ከማጽናናት በቀር። የኔ ቅሬታ ብዙ ቦታ ወረቀቱ ሊወጣ በተዘጋጀ ሰው እጅ «ይህን ሞልተህ መልስ» ተብሎ መሰጠቱ ነው። አብሮ ካልተሞላ ዕቅድ አይደለም።

ከአገራችን ልጆች ጋር ስሞላው አራተኛው ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንቆማለን። «ሐሳቡ ሲበረታብህ ለማን ትደውላለህ?» ስለው፣ «ለማንም» ይላል፤ ዘመድ የለው ሆኖ አይደለም። ለአንዱ የነገረው በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የቡና ወሬ እንዳይሆን ይፈራል፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ይበላሽብኛል የሚልም አለ። ስለዚህ «ምሥጢር ከሚጠብቅልህ ሰው ጋር አብረህ የሆንክበት ጊዜ ነበር?» ብዬ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስም የንስሐ አባቱ፣ ወይም አዲስ አበባ ያለች ታላቅ እኅቱ፣ ወይም አብሮት ታክሲ የሚነዳ ጓደኛው ነው። የእኅቱ ስም ከተጻፈ በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት ስንት ሰዓት ላይ ልትነሳለት እንደምትችል ጭምር እንጽፋለን፤ ስልኩን እዚያው ከእኔ ጋር ሆኖ ቢደውልላት ደግሞ ይመረጣል። በሁለተኛው ቦታ «ጸሎት» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ አልቀበልም፤ የትኛው ጸሎት፣ ቆሞ ነው ተቀምጦ፣ መጽሐፉ የት ነው ያለው እያልኩ እስኪጨበጥ ድረስ እጠይቃለሁ፤ ሰው በጭንቅ ሰዓቱ አጠቃላይ ምክር አያስታውስምና።

ከሌሎች መጠይቆች ጋር ላወዳድረው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ለልጆችና ለወጣቶች ያዘጋጀው ኤ-ኤስ-ኪው አራት ጥያቄዎችና፣ ከነዚህ አንዱ «አዎ» ሲሆን የሚከተል አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያለው ሲሆን፣ ለሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ከኮሎምቢያው እመርጠዋለሁ፤ አጭር ነው፣ ልጅም ይገባዋል። በየክሊኒኩ የሚሞላው የድብርት መጠይቅ ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን መመኘትንና ራስን መጉዳትን አቀላቅሎ ስለሚጠይቅ ለመነሻ እንጂ ለመድረሻ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውና ጾታን፣ ዕድሜን፣ ትዳርን እየቆጠረ ነጥብ የሚሰጠው አሮጌው ሳድ ፐርሰንስ አሁንም በአንዳንድ ማስተማሪያዎች ውስጥ ይገኛል፤ መጣል አለበት።

በአገር ቤት ላሉ ባልደረቦቼ ይጠቅማል ወይ? ጥያቄዎቹ ይጠቅማሉ፣ ቀለሞቹ ግን ለሌላ ዓለም የተሠሩ ናቸው። ቀይ ማለት «አሁኑኑ ሳይካትሪስት ጥራ» ማለት ከሆነ፣ ነርሷ ብቻዋን በምትሠራበት የገጠር ጤና ጣቢያ ጥሪው የሚደርሰው ሰው የለም። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ለሥልጠና የሚውለው የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መመሪያ ራስን ስለ መጉዳትና ስለ ማጥፋት የያዘው ክፍል ለእንዲህ ያለው ቦታ የተሻለ ነው፤ ሕመምተኛውን ብቻውን አትተዉት፣ ቤተሰቡን አሳትፉ፣ አደገኛ ነገሮችን አርቁ፣ ተከታተሉ ብሎ በእጅ ባለው አቅም ይጀምራል። ገበሬ ቤት ውስጥ የእርሻ ኬሚካል ተቆልፎ እንዲቀመጥ ወይም ለጎረቤት እንዲሰጥ ማድረግ ከብዙ መጠይቅ ይበልጣል፤ ስሪላንካ አደገኛ ጸረ ተባዮችን ከገበያ ካገደች በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት ራስን በማጥፋት የሚሞተው ሰው ብዛት ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ክትትልን በተመለከተ፣ መጠይቁ ብዙ ሰው የማያውቀው «ካለፈው ግንኙነት ወዲህ» የተሰኘ ቅጂ አለው፤ ለእኔ ከሁሉም ቅጂዎች ጠቃሚው እሱ ነው። ከአእምሮ ሕክምና ክፍል የወጣ ሰው አደጋው እጅግ ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት በመሆኑ፣ ሕመምተኛው በወጣ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን በዚህ ቅጂ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና 1,867 ሰዎችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ ሙከራ አድርገው ድንገተኛ ክፍል ለመጡ ሰዎች የአንድ ሰዓት ምክርና በ18 ወራት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ የስልክ ወይም የአካል ጉብኝት ተደረገላቸው፤ ከነዚህ ራሳቸውን ያጠፉት 2 ሲሆኑ፣ የተለመደው ሕክምና ብቻ ከተሰጣቸው መካከል ግን 18 ነበሩ። ጠያቂዎቹ ውድ መሣሪያ አልያዙም። ተመልሰው ደወሉ እንጂ።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የክፍል ኃላፊዎች የምሰጠው ምክር ይህ ነው፤ መጠይቁን ውሰዱት፣ ነጻ ነው፤ ሥልጠናውን ግን በኢንተርኔት አሳይታችሁ ብቻ አትተዉት፣ ነርሶቻችሁ ጥያቄዎቹን እርስ በርሳቸው ድምፅ አውጥተው ይለማመዱ። ከቀለሙ በታች የሕመምተኛው ቃል የሚጻፍበት ባዶ ቦታ በፎርሙ ላይ እንዲጨመር የኮምፒውተር ክፍሉን ጠይቁ። የደህንነት ዕቅዱ ተሞልቶ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር ተሞልቶ እንደሆነም መርምሩ።

ይህን የሚያነብና ሐሳቡ በራሱ ወይም በዘመዱ ላይ የከበደበት ሰው ካለ፣ በአሜሪካ ውስጥ በ988 በማንኛውም ሰዓት መደወል ይችላል፤ መስመሩ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ሲሆን፣ አማርኛ እንደሚፈልጉ ሲናገሩ አስተርጓሚ በመስመሩ ላይ ይገባል። ሕይወት ላይ የደረሰ አደጋ ካለ 911 ይደወላል። በኢትዮጵያ ያለ ሰው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ አዲስ አበባ ከሆነም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ይችላል፤ አብሮት የሚሄድ አንድ ሰው ቢኖር ይመረጣል።